ቀጥ ብሎ የቆመው ሽቦ

ባለቤቴን ሰፈርተኛው «ጋሽ ሽቦ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ልጆች ናቸው፤ ያጸደቁት ግን አዋቂዎቹ። እሱ አልተቆጣም። መቆጣት የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር በቀለለን። የኔ ባል ሲከፋው ዝም ይላል፣ ደስ ሲለው ዝም ይላል፣ ሲርበው ዝም ብሎ የድስት ክዳን ያነሣል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እኔ ግን ከሱ ጋር ስኖር ስንት ጊዜ «ዝንቡ ይግባና ተናገር!» ብያለሁ።

የሚተዳደረው በስፌት መኪና ጥገና ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለችው ጠባብ ክፍሉ ስትገቡ፣ በአንድ በኩል ሆዳቸው የተከፈተ መኪናዎች ተደርድረዋል፣ በሌላ በኩል መርፌና ብሎን የሞላባቸው የማርማላታ ብርጭቆዎች አሉ፣ መሀል ላይ እሱ አንገቱን አዘንብሎ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ተሸክመው መጥተው ችግሩን መዘርዘር ሲጀምሩ በእጁ ዝም ያሰኛቸዋል። ከዚያ መዘውሯን በአንድ ጣቱ ቀስ አድርጎ ያዞርና ያዳምጣል። «መርፌዋ ቀድማ ትወርዳለች» ይላል። በቃ፣ የዚያን ቀን ንግግሩ ይኸው ነው።

ከሥራ ውጪ ያለችው ነፍሱ ሬዲዮ ላይ ነች። ሙዚቃና ዜና የሚሰማበትን ሬዲዮ ማለቴ አይደለም። ራሱ የሚልክበት፣ ከሌላ አገር ሰው የሚመልስለት፣ ፈቃድ የወጣበት የአማተር ሬዲዮ ነው። የፈቃዱ ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ከሠርጋችን ፎቶ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ይኼን ለታዛቢ እተዋለሁ። የሚላላከው ደግሞ በአፉ አይደለም፣ በሞርስ ነው። በጣት የምትመታ ትንሽ መምቻ አለችው፤ አጭርና ረዥም ድምፅ ታወጣለች፣ ያ ድምፅ ፊደል ይሆናል። ወሬ የማይወድ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ምን ያወራል ብትሉ፣ ስሙን ይሰጣል፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን ይናገራል፣ ደህና ሁን ይላል። ለኔ ከሚነግረኝ ግን ይበልጣል።

ከልቡ የሚያወራው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር። ከታላቅ ወንድሙ ጋር። እኛ ጋሼ ነው የምንለው። ጋሼ በወጣትነቱ የባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር፣ ሞርሱንም ለታናሽ ወንድሙ ያስተማረው እሱ ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገውም እሱ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱ ወንድማማቾች ከአንድ ማሕፀን መውጣታቸው ይገርመኝ ነበር። ጋሼ ከቤት ከገባ ወሬው ጣሪያ ያነሣል፤ ሲስቅ ጎረቤት ይስቃል። ኋላ ግን ጉሮሮውን ታመመ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ተረፈ፣ ድምፁ ግን አልተረፈም። ያ ሁሉ ሳቅ ያለ ድምፅ ቀረ።

እንግዲህ ድምፅ ለሌለው ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል? መልእክት እንጻፍለት ብንል ዓይኑ የስልክ ፊደል አይለይም፤ ከልጁ ጋር የሚግባባው በእጅ ምልክትና በትልልቅ ፊደል በሚጽፍባት ሰሌዳ ነው። መምቻው ላይ ሲቀመጥ ግን የድሮው ጋሼ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ሁለቱም ሬዲዮአቸውን ይከፍታሉ። እሱ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ትንሽ ከተማ ዳር፣ ከሴት ልጁ ቤት፤ ባሌ ከኛ ቤት። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የምሰማው ጢጥ ጢጥታውን ብቻ ነው። ዘወር ስል ግን ያ ዝምተኛ ባሌ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቃል። «ምን አለ?» እለዋለሁ። «ልጄ አዲስ ሐኪም አመጣችልኝ፣ ሐኪሙ ደግሞ ብዙ አትናገር አለኝ አለ» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ። ባሌ ወንድሙን በእጁ አመታት ያውቀዋል፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ማደሩን፣ ጉንፋን መያዙን፣ ሁሉን ከጢጥታው ይለያል። እንግዲህ ቅዳሜ ማለት ለሱ ይኼ ነበር። ሌላውን ሳምንት የሚሠራው ቅዳሜ እስኪደርስ ነው ብል አላጋነንኩም።

ያን ጊዜ የምንኖረው በአባታቸው ቤት ነበር። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሁለት ዛፎች አሉት፤ የሬዲዮው አንቴና ሽቦ ከዛፍ ዛፍ አግድም ተዘርግቶ ከቤቱ ጣሪያ ብዙም ከፍ ሳይል ይኖር ነበር። እኔ ልብስ ማስጫ እያልኩ እቀልድበታለሁ፤ አንድ ቀን የምሬን አንሶላ አስጥቼበት ሳምንት ሙሉ አኩርፎኛል። ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። ቀይ ቀለም አጥራችን ላይ ተቀባ፣ ብዙም ሳይቆይ ቤቱም ዛፎቹም ወደቁ።

ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ጋሼ በሬዲዮ «ወደኔ ኑ» አለ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ክፍል አለ፣ ሽቦውን እኔው እሰቅልልሃለሁ አለ። እኔ ሻንጣዬን ልዘጋ ምንም አልቀረኝም ነበር። ባሌ ግን ደንበኞቼን ጥዬ የት ልሂድ ብሎ እምቢ አለ። ጋሼ ለመነው፣ ደገመው፣ በመጨረሻ «እንዳሻህ» ብሎ ላከ። ከአሮጌው ቤት የተቀበልናት የመጨረሻዋ ቃል ይህች ነበረች። ባሌ ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ፣ «እጁ ልክ አልነበረም» አለኝ። «ከፍቶታል።»

የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ግቢ ያላት ናት። ግቢ አልኳት እንጂ ሁለት ሰው ቆሞ ቢጨቃጨቅባት አንዱ አጥር ላይ መውጣት አለበት። ዕቃችን ገና ካርቶን ውስጥ እያለ ባሌ የሽቦ ጥቅሉን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አንዴ ሰማዩን ያያል፣ አንዴ አጥሩን ያያል፣ አንዴ በእርምጃ ይለካል። እኔ አልጋ እየገጠምኩ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽቦው ላይ ነው የምንተኛው?» አልኩት።

ሳይሰማኝ፣ «አግድም አይበቃም» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኔም ስንት ዓመት ስሰማው ገብቶኛል። ሽቦ እንደ አሮጌው ቤት ዝቅ ብሎ አግድም ከተዘረጋ ሞገዱ ሽቅብ ይወጣና ተመልሶ እዚያው አካባቢ፣ ቅርብ አገር ላይ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከቆመ ደግሞ ሞገዱ ወደ ጎን ይወረወራል፤ ሩቅ ይሄዳል፣ ቅርብ ያለውን ግን ይዘልለዋል። አትክልት የምናጠጣበትን ጎማ እያየ ነው ያስረዳኝ። «ሽቅብ ብትይዢው ራስሽ ላይ ነው የሚወርደው፤ ወደ ፊት ብታዘምሚው ከጎንሽ ያለችው አበባ ትደርቃለች።» የጋሼ ከተማ ደግሞ ለሞገድ ቅርብ ነው። ስለዚህ የሚሻለው አግድሙ ሽቦ ነው። ግቢያችን ግን አጭር ስለሆነ የሽቦው ሌላ ጫፍ የግድ ከአጥሩ ማዶ፣ ከጎረቤታችን ሰገነት ብረት ላይ መታሰር ነበረበት።

«ጣሪያው ሥር ጠምዝዘህ አስገባዋ» አልኩት።

«ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ምን ያሳልፋል?»

«እንግዲያው ጎረቤቷን ጠይቃት።»

ሽቦውን መልሶ ይጠቀልል ጀመር።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል። ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ሰላምታዋ አጭር፣ ነጭ መጋረጃዋ ሁልጊዜ የተዘጋ ሴት ናት። ሲያዩዋት ታስፈራለች፣ እውነቱን ለመናገር። የባሌ ፍራቻ ግን ከሷ አልጀመረም። በድሮው ሰፈር አንድ ጎረቤታችን ቴሌቪዥኑ በተንጫረረ ቁጥር በራችንን ይደበድብ ነበር። ኳስ ጨዋታ መሀል ሥዕሉ ከጠፋ ጥፋተኛው ባሌ ነው፤ መብራት ከጠፋም ባሌ ነው፤ አንዴማ ላሜ ወተት የነሣችኝ በሽቦው ነው ይላል ብዬ ስጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ሰው ፊት፣ «አንተ ሰላይ፣ ልጆቼን በጨረር ልትፈጅ ነው?» ብሎ ጮኸበት። ባሌ አንድ ቃል አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ ግን ጎረቤት ሽቦውን አየ ማለት ለሱ ተከሰሰ ማለት ነው። እንኳን ከሰው ሰገነት ላይ ሊያስር፣ ሰው ወደ ላይ ቀና ብሎ ሲያይ እንኳ ይደነግጣል።

«እኔ ልጠይቅልህ» አልኩት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል።»

«እኔ የምፈልገው የሩቅ ዘመዴን ነው» አለ። መቀለዱ ነበር። ከዚያ ፊቱ ቅጭም አለ። «አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። በመጣን በሳምንታችን ሰው ቤት ሽቦ እንሰር ብለን እንለምን? እምቢ ብትልስ? ሬዲዮ አለው ብላ ብታስወራብንስ?»

«እሺ ብትልስ?»

ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ የውሃ ቱቦ ከቱቦ ላይ ቀጣጥሎ አቆመና ሽቦውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ሰደደው። ሌሎች ቀጫጭን ሽቦዎች ደግሞ መሬት ውስጥ መቀበር ነበረባቸው፤ የተቀበሩት ያንኑ ሰሞን ቀይ ሽንኩርት በተከልኩበት መደብ ላይ ነው። ስጮህበት፣ «ያለዚህ አይሠራም» አለኝ። ስለ ጋሼስ ብለው፣ «ትንሽ ይደክማል እንጂ ይሰማል» አለ። አስቦበታል፣ ያውቃል። አያውቅም አላልኩም። የሚያውቀውን ነገር ግን ከፍርሃቱ ጋር እንዲስማማ አድርጎ ጠመዘዘው። ሰው የሚፈራውን ነገር ላለማድረግ ምክንያት አያጣም፤ እሱ ደግሞ ምክንያቱን በሒሳብ አስደግፎ ነው የሚያመጣው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሬዲዮውን ሲከፍት አጠገቡ ቆምኩ። ውቅያኖስ ማዶ ያሉ ሰዎች እየተጋፉ መጡ። የመርከብ ሠራተኛ ነኝ የሚል ሰው ከባሕር መሀል መለሰለት። ባሌ እንደ ልጅ ቀላ። ጋሼ ግን አልነበረም። የሚሰማው ሹሹታ ብቻ ነው። ይኼ ሰፈር ድሮ ከነበርንበት የተለየ ነው፤ ከኋላችን ብየዳ ቤት አለ፣ በየቤቱ ቻርጀርና መብራት አለ፣ ያ ሁሉ በቆመው ሽቦ ውስጥ ይንጫጫል። ባሌ ጋሼን ጠራ፣ አዳመጠ፣ ደግሞ ጠራ።

«ዛሬ አየሩ ጥሩ አይደለም» አለኝ።

የሚቀጥለውም ቅዳሜ አየሩ ጥሩ አልነበረም። ከዚያ የሚቀጥለውም።

በመጨረሻ ለወንድሙ ልጅ ደወለ። እሷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፣ ደግ ልጅ ናት። እኔ ከጎኑ ሆኜ ድምፅዋን እሰማለሁ።

«አባትሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አጎቴ። ምግብ ትንሽ ቀንሷል እንጂ ደህና ነው።»

«ሬዲዮውስ... ይሠራል?»

«ኧረ እሱማ ከላዩ መቼ ተነሥቶ! አሁንም እዚያው ነው። ልጥራውና ድምፅህን ይስማ እንዴ?»

«ተይው፣ አትጥሪው» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን አስቀምጦ ግድግዳ ግድግዳ ያይ ጀመር። «ማሽኑ ይሠራል» አለ። «እሱም ተቀምጧል። ግን አይመልስልኝም።»

«ምናልባት አልሰማህም ይሆናላ!»

«እሱ? እሱ ያለበት ቦታኮ ጸጥ ያለ ነው፤ ዝንብ ስታስነጥስ ይሰማል። ሰምቶኝ ነው ዝም ያለው። ወደኔ ኑ ሲለኝ እምቢ ስላልኩት ነው።»

አላመንኩትም። ጋሼን አውቀዋለሁ፤ ጋሼ ሲናደድ ዓለም ይሰማል እንጂ በዝምታ የሚቀጣ ሰው አይደለም። በዝምታ የሚቀጣው ባሌ ራሱ ነው። ሰው ሁሉንም በራሱ ልክ ይሰፋል። «ተነሥ፣ አውቶቡስ ተሳፍረን እንሂድና እንየው» አልኩት። ጉልበቴን አለ፣ ሥራ በዝቷል አለ፣ በመጨረሻ ከሆዱ ያለውን አወጣው። «እሱ ይጀምር። ታላቅ እሱ ነው።» ታላቅ ሲሆን ቂም የሚይዝ ታላቅ፣ ታናሽ ሲሆን ቂም የሚይዝ ታናሽ፣ እኔ መሀል ሆኜ ሁለቱንም አባብል! በዚያን ቀን የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልደግመውም።

ቀጥሎ የመጣውን ቅዳሜ አልረሳውም። ወጥ ቤት ሆኜ ድንች እልጥ ነበር። የመምቻው ድምፅ የወትሮው አልነበረም፤ ይጣደፋል፣ ይንቋቋል። ወጥቼ ሳየው ባሌ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እየጮኸ ነበር፣ በጣቱ። ጨርሶ ማብሪያውን ጠፍ አደረገና ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ምን ብለህ ላክህ?» አልኩት።

«ቂምህን ታቅፈህ ተቀመጥ አልኩት። ከዛሬ ጀምሮ እኔም ወንድም የለኝም አልኩት።»

«ምን አልክ?!»

«አልኩ። ይስማው።»

«ታዲያ እስኪ ምን እንደሚልህ አትሰማም ነበር? ለምን ዘጋኸው?»

«ምንም አይልም» አለ። «መቼ ብሎኝ ያውቃል።»

ሬዲዮው ላይ ጨርቅ ጣለበት። ቅዳሜ መጣ፣ ሄደ፣ ባሌ ወደ ሱቁ ወርዶ የማንም ያልሆነ የስፌት መኪና ፈትቶ ይገጥማል። ቤታችን ውስጥ ጢጥታ የሌለበት ቅዳሜ እንዲህ ረዥም መሆኑን አላውቅም ነበር። ድሮ በነጋ በጠባ ይህን ድምፅ ከቤቴ አውጣልኝ እለው የነበርኩት ሴትዮ፣ ጨርቁን ራሴ ልገልጠው ፈለግኩ።

በዚያው ሰሞን ልብስ ሳሰጣ ሲስተር ከሰገነቷ ላይ ሆና ጠራችኝ። «እትዬ፣ ያ የቆመው ነገር የሬዲዮ አንቴና ነው አይደል?» አለችኝ። መጣ ክሱ አልኩ። እሷ ግን፣ «ሆስፒታል ስሠራ ገጠር ያሉ ጤና ጣቢያዎችን የምናገኘው በሬዲዮ ነበር። የኛ ሽቦ አግድም ነበር የሚዘረጋው። የናንተ ጎድሎት ከሆነ ይኸው ብረቴ፣ ለምን እዚህ አታስሩትም? ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለችኝ። ያ የምንፈራው ነጭ መጋረጃ ገለጥ ብሎ ሳየው ከኋላው የነበረችው ሰው የናፈቃት ሴት ናት።

እየሮጥኩ ሱቁ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። የደስታ ፊት አልነበረም ያየሁት። መዘውሯን አንዴ አዞራት፣ ደገማት። «አሁን ምን ያደርግልኛል?» አለ። «የሚያናግረኝ ሰው የለኝም።»

«ሞክረው እንጂ!»

«እሱ እንደሆነ አይፈልገኝም። ሽቦ አግድም ሆነ ሽቅብ፣ ለማይፈልግህ ሰው ምን ያደርጋል?»

ክረምቱ ሳይወጣ የወንድሙ ልጅ ደወለች። የጉሮሮው በሽታ ተመልሶበት ነበር፤ ለማንም እንዳትናገሪ ብሏት ነበር፤ በእንቅልፉ አለፈ። ባሌ ስልኩን እንደያዘ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። አውቶቡሱ ውስጥም አላለቀሰም፣ ያን ሁሉ መንገድ መስኮቱን እያየ ደረሰ።

ከተቀበረ በኋላ ሰዉ ተበታትኖ እኛ ብቻ ቀረን። ባሌ፣ እኔና ልጅቷ። የጋሼ ክፍል በሩ ክፍት ነው፤ ጠረጴዛው፣ ሬዲዮው፣ ከወንበሩ ጀርባ የተንጠለጠለው ሹራቡ ከሳሎኑ ይታያል። ባሌ ያን ሹራብ ሲያይ ነው የፈነዳው። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። «ተቀይሞኝ ሞተ» አለ። «ይቅር በለኝ ሳልለው፣ ተቀይሞኝ ሞተ።» ትከሻውን ያዝኩት፣ እጄን ገፋው። አንጀቴን በላው።

ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስታየው ቆየች። ከራሷ ጋር የምትሟገት ትመስላለች። ከዚያ አጠገቡ መጥታ በርከክ አለች።

«አጎቴ፣ አልተቀየመህም» አለች። «እንዳትነግሪው ብሎኝ ነበር። ግን እንዲህ ሆነህ አላይህም።»

ባሌ ቀና አለ።

«ይሰማህ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰማህ ነበር፣ ሁልጊዜም ይመልስልህ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሰሌዳው ላይ ጻፈልኝ። ወንድሜን ሰማሁት፣ ድምፁ ከሲታ ነው ግን እሱ ነው፤ እሱ ግን እኔን አይሰማኝም፣ ሰፈሩ ይጮኽበታል፣ ሽቦውን አቁሞት ይሆናል፣ ጎበዝ ነው ራሱ ይደርስበታል፣ አለኝ። ልደውልለት ስለው፣ ተይው፣ ቤት ቀይሮ ተጨንቋል፣ ሽቦህ ልክ አይደለም ብዬ ደግሞ አላስከፋውም አለኝ። አንተን ሲሰማ እንዴት ደስ እንደሚለው! ማዳመጫውን አድርጎ ሲስቅ ነው የማገኘው።»

ባሌ ከንፈሩ አመድ መሰለ። ምን እያሰበ እንደሆነ አውቄአለሁ። ልጅቷም አውቃለች።

«የመጨረሻዋን ቀንስ?» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «የመጨረሻዋን ቀንም ሰምቶኛል?»

አንገቷን ደፋች። «ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ምን አለህ ብለው ሰሌዳውን አንሥቶ፣ ይሰማኝ እንደነበር እንዳትነግሪው፣ ካወቀ አይችለውም ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተቀመጠ ይጠብቅህ ነበር። አልመጣህም።»

ደግሞ ባሌ እንደገና ጠየቀ። «መለሰልኝ? ያን ቀን?»

«መልሶልሃል። ሥራ አልገባሁም ነበር፣ እዚህ ሆኜ እሰማው ነበር። ቋንቋችሁን አላውቀውም እንጂ አንዲቷን ነገር ብቻ እየደጋገመ፣ እየደጋገመ፣ ስለቆየ ከጆሮዬ አልጠፋችም።» የሻይ ጠረጴዛውን በጣቷ መታች፤ አጭሩን ታንኳኳለች፣ ረዥሙን በጥፍሯ ትጎትታለች። አጭር፣ ረዥም፣ አጭር። ትንሽ ቆየችና፣ ረዥም፣ አጭር፣ ረዥም። ደገመችው። «እንዲህ ነበር የሚለው» አለች።

ባሌ እጇን ያዘና አስቆማት። ፊቱን በሌላኛው እጁ ሸፈነ።

«ምንድነው?» አልኩት። «ምን ማለት ነው?»

«ሬዲዮ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚላት ናት» አለ። «ሰምቼሃለሁ፣ ቀጥል ማለት ነው።»

ልጅቷ ልታባብለው ትከሻውን ደገፈችው። «አየህ፣ አልተቀየመህም» አለችው።

«እሱ ቀጥል እያለኝ» አለ ባሌ፣ «እኔ ዘግቼበታለሁ።»